አንድሮሜዳ በዓለት ላይ፣ ብሩታዊት በዛፍ ላይ

በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ከክቡ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የመቅደሱን ግድግዳ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው፣ ከእመቤታችን ሥዕል ብዙም ሳይርቅ አንድ ነጭ ፈረስ ማየቱ የተለመደ ነው። ፈረሱ ባለቀይ ዕቃ ተጭኗል፤ ግንባሩና አንገቱ በጌጥ ተሸልሟል። ፈረሰኛው እግሩ ባዶ ነው፤ እንደ አገሩ ፈረሰኛ እርካቡን የያዘው በእግሩ አውራ ጣት ነው። ጦሩ ቁልቁል ወርዶ ከደራጎኑ አፍ ተተክሏል። ከአጠገቡ አንድ ዛፍ አለ፤ ከቅርንጫፉ መካከል ከአንገቷ እስከ እግሯ የለበሰች ልጃገረድ ሆና የምትታየው ብሩታዊት ናት። ታሪኩን የደብሩ ሕፃናት ሁሉ ያውቁታል፦ የቤሩት ሰዎች ደራጎን ያመልኩ ነበር፣ ሴት ልጅ እየገበሩ ይኖሩ ነበር፣ ተራው የደረሳት አንዲት ልጅ ለሞት ተዘጋጅታ ሳለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደረሰ። ሚያዝያ 23 ቀን በዓሉ ሲከበር፣ በየወሩም በ23 ጽዋው ሲጠጣ ይህ ይተረካል። በዚህ አገር ሌላ ማብራሪያ የማያስፈልገው ሥዕል ቢኖር ይኼው ነው።

ይህች ልጅ ግን ከእርሷ እጅግ ቀድማ የተሣለች አቻ አለቻት፤ የዚያችኛይቱ አገር ደግሞ ኢትዮጵያ ተብሎ ተጽፏል። በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ሴፌዎስና ንግሥቲቱ ካሲዮፒያ አንድሮሜዳ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። እናቲቱ በቁንጅና ከባሕር ቆነጃጅት እንበልጣለን ብላ ተኩራራች፤ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ ጎርፍና አውሬ ሰደደ፤ ንጉሡም ከአሞን ጠንቋይ ምክር ጠይቆ ልጁን ለአውሬው እንዲሰጥ ተነገረው። ልጅቱ በባሕር ዳር ታስራ ሞቷን ስትጠብቅ፣ የሜዱሳን ራስ ቆርጦ በክንፋም ጫማው እየበረረ ይመለስ የነበረው ፐርሴየስ አያት፣ ወደዳት፣ አውሬውን ገደለ፣ አገባትም። ሲሞቱ ሁሉም በሰማይ ኮከብ ሆነው ተሰቀሉ ይባላል፤ ዛሬም የሥነ ፈለክ ሰዎች ከአምስቱ የኮከብ ስብስቦች አንዱን ሴፌዎስ፣ ሌሎቹን ካሲዮፒያ፣ አንድሮሜዳ፣ ፐርሴየስና ሴተስ ይሏቸዋል። በስማዳ ሜዳ ላይ በጠራ የጥቅምት ሌሊት አንድሮሜዳን ማየት ይቻላል።

ስለዚህች ልዕልት አገራችን ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «የእኛ ናት ወይስ አይደለችም?» የሚል ነው። እኔ ይህ ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ ሲመረመር ፍሬ አይሰጥም እላለሁ። ጽሑፉማ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ኢትዮጵያዊት ሲላት ኖሯል፤ ሥዕሉ ነው እምቢ ያለው። በተቃራኒው የኛ ሰዓሊ በመጽሐፍ የቤሩት ልጅ የተባለችውን ወስዶ የደጋ ልጅ አደረጋት። ጀግና አውሬ ገድሎ ልጃገረድ የሚያድንበት ታሪክ የማን እንደሆነ የሚወስነው ከስሙ ይልቅ የሠዓሊው እጅ ነው፤ ማስረጃውም በሸክላ፣ በግድግዳና በሸራ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል።

ከሸክላው እንጀምር። ከታሪኩ ሥዕሎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ በበርሊን የሚገኘው ከቆሮንቶስ የመጣ እንስራ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ። በእርሱ ላይ ፐርሴየስ ድንጋይ እየወረወረ ከአውሬው ጋር ይታገላል፣ አንድሮሜዳ ከኋላው ቆማለች፣ ስማቸው በቆሮንቶስ ፊደል ተጽፏል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በአቴና የተሣሉት ሸክላዎች ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ ያደርጉታል። በለንደኑ የብሪቲሽ ሙዚየም በሚገኝ የውሃ እንስራና በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በሚገኝ ሌላ ዕቃ ላይ፣ ጥቁር አፍሪካውያን መሆናቸው በፀጉራቸውና በፊታቸው በግልጽ የሚታወቅ አገልጋዮች ልዕልቲቱን ለማሰር ይደክማሉ፤ በለንደኑ ሥዕል ምሰሶ የሚተከልበትን ጉድጓድ ሲቆፍሩ ይታያሉ። እርሷ ግን በምሥራቅ ሰዎች ልብስ፣ በፋርስ ዓይነት ካባና ሱሪ የተዋበች፣ መልኳ ከአቴና ሴት ያልተለየ ናት። ሰዓሊው የኢትዮጵያን ሰው ገጽታ ያውቃል፣ በሚገባም ሥሎታል፤ የሣለው ግን ለአሽከሮቹ እንጂ ለንጉሥ ልጅ አይደለም። ይህን በእውቀት ማነስ ልንመልሰው አንችልም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ልዩነቱ እንደሚያስቸግር ያውቁ ነበር። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፊሎስትራጦስ አንድ የፐርሴየስ ሥዕል ሲገልጽ፣ እረኞቹ ኢትዮጵያውያን ለጀግናው ወተትና ወይን ሲያቀርቡለት ካሳየን በኋላ፣ ልጅቱ በኢትዮጵያ ሳለች ነጭ በመሆኗ እንደምታምር ይናገራል። ሄልዮዶሮስ የተባለው ደራሲ ደግሞ «ኢትዮጵያዊ ታሪክ» ተብሎ በሚታወቀው ልብ ወለዱ ጉዳዩን ወደ ሌላ ጫፍ ወሰደው። በእርሱ ታሪክ የመርዌ ንጉሥ ሂዳስፔስና ንግሥት ፐርሲና ጥቁሮች ናቸው፤ ሆኖም ንግሥቲቱ በምትፀንስበት ጊዜ በእልፍኙ ግድግዳ የተሣለችውን አንድሮሜዳ በማየቷ ልጇ ካሪክለያ ነጭ ሆና ተወለደች። እናትየው እንዳይጠረጥሯት ፈርታ ልጇን ጣለቻት፤ ካሪክለያ ካደገች በኋላ ማንነቷ የተረጋገጠው ሥዕሉ ከግድግዳው ወርዶ ከፊቷ ጋር ሲመሳከር ነው። ሄልዮዶሮስ ሳያውቀው አልቀረም፤ አንድሮሜዳን ነጭ ያደረጋት ደም አይደለም፣ ሥዕል ነው።

የሮማው ባለቅኔ ኦቪድ በፍቅር ግጥሞቹ አንድሮሜዳን ጠይም ብሏታል፤ ፐርሴየስም በጠይምነቷ እንዳልጠላት ጨምሮ ይናገራል። በሌላ መጽሐፉ ግን ታስራ ስትታይ እብነ በረድ ትመስል እንደነበር ጻፈ። የአውሮፓ ሰዓሊዎች ከሁለቱ ይህንን ሁለተኛውን ይዘው ሄዱ። ኦቪድ ያለው ከፍርሃት የተነሣ ሳትንቀሳቀስ እንደ ሐውልት ቆመች ነው፤ ሰዓሊዎቹ ግን የእብነ በረዱን ነጭነት ወሰዱ። በፖምፔይ የዲዮስኩሪ ቤት በሚባለው ግድግዳ ላይ ፐርሴየስ እጇን ይዞ ከዓለቱ የሚያወርዳት ልዕልትም፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም የምትታየው የቦስኮትረካዜዋ ልዕልትም ገና ልብሷን አልጣለችም። በአውሮፓ ተሐድሶ ዘመን ግን ሰንሰለቱ ብቻ ቀረ። ቲሲያን እ.ኤ.አ. ከ1554 እስከ 1556 ለስፔኑ ዳግማዊ ፊሊጶስ የሣላት፣ ዛሬ በለንደን ዋላስ ስብስብ ያለችው አንድሮሜዳ ራቁቷን ነች። ቫሳሪ በፍሎረንስ፣ ሩበንስ በአንትወርፕ፣ ሌይተን እ.ኤ.አ. በ1891 በእንግሊዝ የሣሏትም እንዲሁ። ሬምብራንት በ1630 አካባቢ ከዚህ ያፈነገጠ ነገር ሠራ፤ ጀግናም አውሬም የሌሉበት፣ ፍርሃቷ ከፊቷ የሚነበብ ተራ ልጅ ሣለ። ይህች ከሁሉም የተሻለችው ናት ብል የሚቆጣ አይኖርም፤ እርሷም ግን ነጭ ናት። የሆሊውድ ፊልሞች ጉዳዩን ጨረሱት፦ በ1981ዱ «የታይታኖች ግጭት» ልዕልቲቱ የኢዮጴ፣ በ2010ሩ ደግሞ የአርጎስ ልጅ ተደረገች። ኢትዮጵያ ከነጭራሹ ከታሪኩ ወጣች።

እዚህ ላይ የሚነሣው መከራከሪያ የታወቀ ነው። የግሪኮች ኢትዮጵያ የዛሬዋ ኢትዮጵያ አይደለችም፤ አንዳንዴ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለ አገር፣ አንዳንዴ የፀሐይ መውጫና መግቢያ ተረታዊ ሕዝብ ነው፤ የታሰረችበት ባሕር ዳርም በብዙዎች ዘንድ የዛሬዋ ያፋ፣ የመጽሐፍ ቅዱሷ ኢዮጴ ናት። የአይሁዱ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ በዘመኑ የሰንሰለቷ ምልክት እዚያ ዓለት ላይ ይታይ እንደነበር ይናገራል፤ ፕሊኒ ደግሞ የአውሬው አጥንት ከዚያው ከተማ ወደ ሮም መጥቶ ለሕዝብ እንደታየ ጽፏል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የአክሱም ነገሥታት የኢትዮጵያን ስም ለራሳቸው የወሰዱትም በአራተኛው ክፍለ ዘመን፣ ከተረቱ ብዙ ዘግይተው ነው። ታዲያ እኔ አንድሮሜዳ ጋይንት ተወለደች አላልኩም። ክርክሩ ለማን ትሆናለች ሳይሆን ሰዓሊ ከጽሑፍ ጋር ምን ያደርጋል የሚል ስለሆነ፣ የካርታው ጥያቄ አይሽረውም። ሰዓሊዎቹ ኢትዮጵያ የቱ እንደሆነች ስለተጠራጠሩ አልነበረም ነጭ ያደረጓት፤ ያ ጥርጣሬ ቢሆን ኖሮ አሽከሮቿን ጥቁር ባላደረጉ ነበር።

ካርታው ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር የሚገኝባት ልዳ ከያፋ ሩቅ አይደለችም፤ በእግር አንድ ቀን አይፈጅም። ስለዚህ ብዙ ምሁራን ጊዮርጊስ ክርስትና የተነሣ ፐርሴየስ ነው ሲሉ ኖረዋል። ነገሩ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ጊዜው አይገጥምም። ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ303 ገደማ በሰማዕትነት ያረፈ፣ ለመቶዎች ዓመታት የተከበረውም በመከራው ነበር። ደራጎኑና ልጃገረዲቱ በገድሉ ላይ የተጨመሩት በአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው፤ ከእርሱ በፊት ደራጎን የገደለ የሚባለው ሰማዕት ቴዎድሮስ ነበር። በምዕራቡ ዓለም ታሪኩን ያሰራጨው ያዕቆብ ዘቮራጅን የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ ከተማዋንም በሊቢያ ያደርጋታል። ስለዚህ በሰማዕቱ ሞትና በደራጎኑ ታሪክ መካከል የሰባት መቶ ዓመት ዝምታ አለ። ደግሞም መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ አይደለም። በግሪክ ተረት ክንፋሙን ፈረስ ፔጋሰስን የጋለበው ቤሌሮፎን ነው፤ ፐርሴየስ የሚበረው በጫማው ነበር። በኋለኛው የአውሮፓ ሥዕል ግን ፐርሴየስ ፈረስ ላይ ወጣ። በየቤተ ክርስቲያኑ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎን የሚወጋ ሰማዕት እያየ ያደገ ሰዓሊ አረማዊውንም ጀግና ፈረስ ላይ ማስቀመጡ ለእኔ አያስደንቀኝም። ተረት ቅዱሳንን ወለደ ከማለት፣ ቅዱሱ ተረቱን አለበሰው ማለት በዚህ ረገድ ለእውነት ይቀርባል።

ወደ ጋይንት እንመለስ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚያ ነውና። ይህ አገር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዳር የሚባል አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አባ የጋይንት ናቸው፤ ከየአገሩ የሚመጣ ተማሪ ለዓመታት ዜማ የሚያሰማበት፣ ሲጨርስም ወደ ደብሩ የሚመለስበት። ቤተልሔም ራሷ ከውጭ ስትታይ እንደ ጎረቤቶቿ ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1955 እንግሊዛዊው ቶማስ ፓኬንሃም ሲደርስ ከክቡ ግድግዳ ውስጥ እጅግ ያረጀ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ለአገሩ ካህናት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ለእርሱ ነው። የሚጠቅመን ግን እርሱ ያየው ነገር ነው፦ እዚህ አገር ከሩቅ የመጣ ወይም ከጥንት የተወረሰ ቅርጽ አይጣልም፤ የአገሩ ቅርጽ ይለብሳል።

በሥዕልም የሆነው ይኸው ነው። የውጭ ሥዕል ወደ ኢትዮጵያ መግባቱን መካድ አይቻልም። ቬኒሳዊው ኒኮላ ብራንካሌዮን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መጥቶ ከአርባ ዓመት በላይ እዚህ ሣለ፤ መርቆሬዎስ የሚል ስምም ወጣለት። በ1590 እ.ኤ.አ. ሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል የአንቶኒዮ ቴምፔስታ የእንጨት ሕትመት ሥዕሎች የጎንደር ሰዓሊዎች አርአያ ሆነው አገልግለዋል። በሮም ቅድስት ማርያም ከምትባለው ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂም እዚህ ደርሳ ለብዙ የማርያም ሥዕሎች መነሻ ሆናለች። የጎንደር ሰዓሊ ግን የተሰጠውን ሕትመት እንዳለ አልቀዳም። ጥላውን ቀነሰ፣ ዳራውን ከቢጫ ወደ ቀይና አረንጓዴ እየሞላ አጠበቀ፣ ልብሱን የጎንደር ቤተ መንግሥት ጨርቅ አደረገ፣ ዓይኑን አተለቀ። ብሩታዊትም በዚህ መንገድ አለፈች። አውሮፓዊው ሰዓሊ ልዕልቱን ከዓለት ጋር በሰንሰለት ሲያስር፣ የኛው ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አወጣት፤ አውሮፓዊው ልብሷን ሲገፍ፣ የኛው አለበሳት። ፈረሱን የአገሩ ዕቃ ጫነው፤ የቀጰዶቅያ ወታደር የተባለውን ቅዱስ ጫማ አውልቆ አውራ ጣቱን በእርካብ አስገባ። ዝርዝሮቹ ትንንሽ ይመስላሉ፤ ግን ሰዓሊው «ይህ የሆነው እዚህ ነው» የሚለው በእነርሱ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከዚሁ ግድግዳ ነው። የኛ ሰዓሊስ ቢሆን ቅዱሳንን ጠይም አድርጎ ይሥላል ወይ? የጊዮርጊስ ፊት ብዙ ጊዜ ብርሃናዊ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ነው፤ የብሩታዊትም እንዲሁ፤ ጥቁር ፊት የሚሰጠው ለሰይጣን ነው። እንዲህ ከሆነ የአቴናው ሰዓሊና የጎንደሩ በምን ይለያሉ? ተቃውሞው እውነት አለበት፣ መሸሽ አያስፈልገውም። ነገር ግን በሥዕላችን ዋናው መለያ ቀለም ሳይሆን ዓይን ነው፦ መልካሙ በሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን። በዓድዋ ጦርነት ሥዕል ኢትዮጵያውያኑ ሁለት ዓይን አላቸው፣ ጣልያኖቹ አንድ፤ ከሁሉም በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ሆኖ ይታያል። ይህ ሕግ የሰውን ዘር ሳይሆን የቆመበትን ወገን ያመለክታል። በቦስተንና በለንደን ሸክላዎች ግን ጥቁሩ ፊት ወገንን አያሳይም፤ አገልጋይነትን ያሳያል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፣ ትንሽም አይደለም።

ከግድግዳው ወደ ክታብ ስንወርድ የበለጠ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። የደብተራው ክታብ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተቆርጦ የሚጻፍ ነው። በላዩ ላይ አንድ ሌላ ፈረሰኛ አለ፦ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር የሚወጋው ቅዱስ ሱስንዮስ። በዚያው ክታብ ላይ በጥልፍልፍ መስመሮች መሃል ፊት ለፊት የሚያፈጡ ትልልቅ ዓይኖች ይሣላሉ፤ ታማሚው ሲያያቸው በእርሱ ውስጥ ያለው መንፈስ ደንግጦ እንዲሸሽ ነው። የግሪክ ወታደር በጋሻው ላይ የሜዱሳን ራስ የሚያስለው ለዚሁ ነበር፤ የሚያየውን ወደ ድንጋይ የምትለውጥ ፊት ክፉውን ዓይን ትመልሳለች ተብሎ። ከግሪክ ተወሰደ አልልም፤ ሰው ዓይንን በዓይን መመከት በየአገሩ ያሰበው ነገር ነው። ሆኖም የፐርሴየስን ተረት ሙሉ በሙሉ ወስዶ በአገራችን ሥዕል ውስጥ የሚፈልግ ሰው ሦስቱንም ያገኛቸዋል፦ የሚያፈጠውን ፊት በክታቡ፣ ፈረሰኛውን በመቅደሱ፣ ልጃገረዲቱን በዛፉ።

ለደራጎን ይገብሩ ነበር የተባሉትም የቤሩት ሰዎች ብቻ አይደሉም። ከንግሥተ ሳባ በፊት አርዌ የሚባል እባብ ነግሦ፣ ልጃገረድና ከብት እየተገበረለት ይኖር እንደነበር፣ አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ ያበላትን ፍየል ሰጥቶ እንደገደለው፣ ሕዝቡም እንዳነገሠው ይተረካል። የአዲስ አበባ ሰዓሊዎች ይህን በአንድ ጨርቅ ላይ በአርባ አራት ክፍል እየሣሉ ለገዢ ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ ሥዕሉ ሁልጊዜ የሚጀምረው በእባቡ ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ጀግናው ባዕድ አይደለም፣ ከሰማይም አይበርም፣ አውሬውን የሚገድለውም በብልሃት ነው። ፐርሴየስ ከሩቅ መጥቶ የኢትዮጵያን ልጅ አግብቶ ይሄዳል፤ አንጋቦ የአገሩን ዙፋን ይወርሳል፣ ልጁም ማክዳ ትሆናለች። አውሬ የማረድ ተረት በእጃችን ሲገባ የንግሥና ታሪክ ሆነ።

አሁን አሁን በውጭ አገርም አንዳንዶች የተፈገፈገውን ቀለም ወደ ቦታው መመለስ ጀምረዋል። እንግሊዛዊው ሰዓሊ ኪማቲ ዶንኮር እ.ኤ.አ. በ2011 የአንድሮሜዳን መዳን ሲሥል ልዕልቲቱን ጥቁር አደረጋት። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ለሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት የተጻፈውን ያነበበ ሰው የሚሠራው ከዚህ ያነሰ ሊሆን አይገባውም ነበር። ለእኛ ግን ከዚህ የሚቀርበን ጉዳይ በየደብሩ ያለው ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጨርቅ ተሥሎ በግድግዳ ይለጠፋል፤ ጨርቁ ሲረግፍ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ የመጀመሪያው ጉዳተኛ እርሱ ነው። ያረጀው ሥዕል ተነሥቶ በአዲስ ቀለም የደመቀ፣ አንዳንዴም ከውጭ የታተመ የጊዮርጊስ ሥዕል ሲተካው፣ የጠፋው ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ የእርካቡ አውራ ጣት፣ የፈረሱ ዕቃ፣ የዛፉ ዓይነት፣ የልጅቱ ልብስ ጥለት አብረው ይጠፋሉ። የላይና የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰበካ ጉባኤያት፣ የደቡብ ጎንደር ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያም ከእነርሱ ጋር፣ የትኛውንም የመቅደስ ሥዕል ከማንሣታቸው በፊት በፎቶግራፍና በጽሑፍ ይመዝግቡት፤ ካህኑም ሆነ ሰዓሊው ማን እንደሣለው፣ መቼ እንደተለጠፈ የሚያውቁትን ሽማግሌዎች ይጠይቁ። የፖምፔይ ግድግዳ ከእሳተ ገሞራ አመድ ስር አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ዛሬ በናፖሊ ሙዚየም ይታያል፤ የስማዳ ጨርቅ ያን ያህል ጊዜ የሚጠብቅበት አመድ የለውም።